ከተማ ይሻላል ገጠር? የዕቃ አድራሾች ሁለት መንገድ



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ልተኛ ስል ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። "ጋሼ፣ አወቁኝ?" አለኝ። በድምፁ አላወቅሁትም። ስሙን ሲነግረኝ ግን ሰባተኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳቡን ደብተር ሳይገልጥ በቃሉ የሚያሰላው ልጅ ትዝ አለኝ። እዚሁ ካኩማ ያስተማርኩት ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ከእናቱ ጋር በሪሴትልመንት ወደ አሜሪካ ሄደ። አሁን ሳውዝ ዳኮታ በሚባለው ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ ይኖራል። ሥራው በቫን ዕቃ ማደል ነው። ሰው በኢንተርኔት የገዛውን ዕቃ ከመጋዘን ጭኖ እቤቱ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት የከተማ መስመር ነው። የገጠሩን መስመር ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ሥራ ሊለቁ ነው። አለቃዬ ከፈለግህ ያንተ ነው፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። ከተማ ይሻለኛል ገጠር?"

እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ጀምሮ የማውቀው መንገድ ከቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤት ያለውን ነው። ስለዚህ "ቆይ፣ ሰው ጠይቄ፣ አስቤም ልንገርህ" አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። በዚህ ጋዜጣ ላይ የማወጣውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከዚህ ወጥተው ከሚሄዱት ልጆቻችን ብዙዎቹ መንጃ ፈቃድ እንዳወጡ የሚይዙት ሥራ ይኼው ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ የቀረነውም ብንሆን ዕቃ ይላክልናል። ያ ዕቃ በአንድ ሰው ጉልበት ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

የከተማው መስመር

በመጀመሪያ እሱ ራሱ የነገረኝን ልጻፍ። ጠዋት ከመጋዘን ሲወጣ ከ300 ያላነሰ ፓኬት ይጫንለታል። ይህ ሁሉ በ180 ገደማ ማቆሚያ የሚታደል ነው። ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ቢደመር ግን 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሥራው 10 ሰዓት ነው።

የመምህር ነገር ሆኖብኝ ሒሳቡን ሠራሁት። 10 ሰዓት ማለት 600 ደቂቃ ነው። መጫኛውን፣ ከመጋዘን መውጫ መመለሻውንና ዕረፍቱን 90 ደቂቃ ብለን ብንቀንስ 510 ይቀራል። ለ180 ሲካፈል ለአንድ ማቆሚያ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርስም። በዚያች ሦስት ደቂቃ ባልሞላች ጊዜ ከፊተኛው ቤት ወደሚቀጥለው ይነዳል፣ ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ከካርቶን ክምር ውስጥ ትክክለኛውን ያወጣል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ዕቃውን አስቀምጦ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ይመለሳል። ቤቱ ፎቅ ከሆነ የበሩን የሚስጥር ቁጥር ማወቅ አለበት። ቁጥሩን ያልሰጠ ሰው ካለ ደወሎ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ ሰዓቱ አይጠብቀውም።

"በቀን ስንቴ ከቫን ወርጄ እንደምወጣ ቆጥሬ አላውቅም" አለኝ፤ "ጉልበቴ ግን ቆጥሮታል።" ዕድሜው ገና 26 ነው። ማታ ማታ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ነው የሚተኛው።

የከተማ ጠላት ርቀት ሳይሆን ደቂቃ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶችም ይህን ያውቃሉ። ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የመኪኖቹን መንገድ ሲያወጣ በተቻለ መጠን ወደ ግራ መታጠፍን ይቀንሳል። አሜሪካ እንደ አገራችን በቀኝ ስለሚነዳ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ከፊት የሚመጣውን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ይቆማል፣ ነዳጅ ያቃጥላል፣ አደጋም ይከተላል። እዚህ ኬንያ በግራ ስለሚነዳ ችግሩ ወደ ቀኝ በመታጠፍ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ በ180 ስትባዛ ሦስት ሰዓት እንደምትሆን የተረዳ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ ይገባዋል።

ከተማ ግን ደግነትም አለው። ሥራ የሚያልቅበት ሰዓት ይታወቃል። ከዘገየ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ሾፌር መጥቶ ሃያ ሠላሳ ፓኬት ይቀበለዋል። ስልክ አይቋረጥም፣ ነዳጅ ማደያው ቅርብ ነው፣ ሽንት ቤትም አይጠፋም። የመጨረሻውን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ቀኑን መንገድ ላይ የሚውል ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

የገጠሩ መስመር

የገጠሩ መስመር 85 ማቆሚያ ነው። ከከተማው ግማሽ አይሞላም። የሚነዳው ግን 280 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም ማለት ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው በአማካይ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ከዋናው አስፋልት ሲወጣ መንገዱ ጠጠር ነው። ከመንገዱ እስከ ገበሬው ቤት ደግሞ የራሱ መግቢያ አለ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት በረዶ።

እዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ገና ሠላሳ ቤት ሲቀረው ይጨልማል። ቫኑ በረዶ ውስጥ ቢሰምጥ የሚገፋ ሰው የለም። ስልክ የማይሠራበት ቦታ አለ። አንድ ፓኬት ረስቶ ቢያልፍ መመለሻው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ውሻ አለ። ውሻ በከተማም አለ፣ የገጠሩ ግን አይታሰርም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ6,000 በላይ ሠራተኞቹ በውሻ መጠቃታቸውን አስታውቋል።

ታዲያ ማን ይወደዋል? ሽማግሌው ሾፌር ይወዱት ነበር። "ከተማ ውስጥ ካርቶን ነህ፤ ገጠር ውስጥ ሰው ነህ" ብለውታል። ገበሬው በስም ያውቃቸዋል። በሙቀት ጊዜ ውኃ በረንዳ ላይ ያስቀምጥላቸዋል። የሚያደርሱትም ዕቃ የሚጠበቅ ዕቃ ነው፦ የአሮጊት መድኃኒት፣ በአጨዳ መካከል የተሰበረ የትራክተር ዕቃ። ሱቁ ሩቅ ስለሆነ የሾፌሩ መዘግየት የቤቱ ሁሉ መዘግየት ነው።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ አድራሻው ነው። በሳውዝ ዳኮታ ገጠር መንገዶቹ በቁጥር የተሰየሙ ናቸው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት "ስትሪት"፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት "አቬኑ" ይባላሉ። ቁጥሩ በየማይሉ በአንድ ይጨምራል። ስለዚህ 260ኛው ስትሪት ላይ ቆሞ 270ኛው ስትሪት የሚፈልግ ሾፌር ካርታ ሳያይ 10 ማይል፣ ማለትም 16 ኪሎ ሜትር እንደቀረው ያውቃል። አድራሻው ራሱ ርቀቱን ይናገራል። ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ያ የኋላ ወንበር ልጅ ነበረበት።

ይህ ነገር ግን ከሰማይ አልወረደላቸውም። የአሜሪካ ገበሬ በአንድ ወቅት ደብዳቤውን ለመውሰድ ጋሪ ጭኖ ከተማ ድረስ ይሄድ ነበር። ፖስታ እስከ ገጠር ቤት ድረስ በነፃ ማድረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 በዌስት ቨርጂንያ ነው። ከደብዳቤ ከፍ ያለ ከባድ ዕቃን በፖስታ መላክ የተፈቀደው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 1913 ጀምሮ ነው። የእኛ አገር ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ቢቋቋምም፣ ልማዳችን እስከ ዛሬ የፖስታ ሣጥን ነው። ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄዳል እንጂ ደብዳቤው ወደ ሰው አይመጣም። ኬንያም ቢሆን እንዲሁ ነው።

እኛስ ከተማ ነን ወይስ ገጠር?

የተማሪዬን ጥያቄ ይዤ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ አውቶብስ ወደሚቆምበት ወረድኩ። ከናይሮቢ በኪታሌና በሎድዋር አድርጎ የሚመጣው አውቶብስ ከተሳፋሪው እግር በታች የሚጭነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጆንያ፣ ካርቶን፣ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ፣ በርበሬ፣ የሕፃን ልብስ። እያንዳንዱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ስምና የስልክ ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ ቢሮው ይደውላል፤ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል፣ ወይም ቦዳ ቦዳ ይልካል።

ከቦዳ ቦዳ ነጂዎቹ አንዱን፣ ከእኛው ማኅበረሰብ የሆነውን፣ ሻይ ጋብዤ ጠየቅሁት። ከተማ ይሻላል ገጠር?

ሳቀ። "ጋሼ፣ እኛ ሁለቱም ነን" አለ። "ዕቃው እስከ ካኩማ ድረስ የገጠር መንገድ ነው የሚመጣው። ከሎድዋር ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካምፕ ውስጥ ስንገባ ግን ከተማ ነው። ቤት በቤት ላይ ነው። ቁጥር የተጻፈበት በር ፈልግ ብትባል ግን አታገኝም።"

እውነቱን ነው። ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ዛሬ የሚኖርበትን ሕዝብ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። አሁን ካኩማ 1፣ 2፣ 3ና 4 አለ፤ ካሎበየይ ከነመንደሮቹ አለ። በየካኩማው ዞን አለ፣ በየዞኑ ብሎክ አለ። "ብሎክ 5" ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ነጂውን ስንት ብሎክ 5 እንደሚያዞረው አስቡት። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ላጋው ይሞላል። ከወዲያ ማዶ ያለ ዕቃ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ከተማ ውስጥ ያለን የገጠር ሰዎች ነን ብል ይሻላል።

ነጂው ቀጥሎ የነገረኝ ግን ለተማሪዬ የሚሆነውን መልስ ሰጠኝ። "እኔ የሚከፈለኝ በጉዞ ነው" አለ። "ባለቤቱን ባገኘውም ባላገኘውም ቤንዚኑ የኔ ነው። ስለዚህ ሩቅ ነው ቅርብ ነው ብዬ አልፈራም። የምፈራው ስልኩን የማያነሳ ሰው ነው።"

የኔው መነጽር

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። አምና ይኸው ተማሪዬ የማንበቢያ መነጽር ልኮልኝ ነበር። ወደ ናይሮቢ በሚመጣ ሰው እጅ ላከው፤ ያ ሰው ደግሞ በአውቶብስ ወደ ካኩማ። በሦስት ቀን ደረሰ። እኔ እጅ የገባው ግን በ24ኛው ቀን ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የሰጠሁት ስልክ ቁጥር የድሮ ነው፤ ሲምካርዱን ከቀየርኩ ቆይቻለሁ፣ ለተማሪዬ ግን አልነገርኩትም። ሁለተኛ፣ ተማሪዬ ስሜን በእንግሊዝኛ የጻፈው እሱ እንደመሰለው ነው፤ በመታወቂያዬ ላይ ያለው ደግሞ መዝጋቢው እንደመሰለው ነው። ሁለቱ ፊደላት አይገናኙም። ቢሮው "ይህ ያንተ ስም አይደለም" አለኝ። ተናደድኩ፣ ተጨቃጨቅሁ። አሁን ሳስበው ግን እነሱ ትክክል ነበሩ። የሌላ ሰው ዕቃ ለእኔ ቢሰጡ ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

ከቢሮው መነጽሩ መኖሩን የነገረኝ አንድ ቦዳ ቦዳ ነጂ ነው። ካርቶኑ ላይ "መምህር" የሚለውን አይቶ፣ ሦስት ትምህርት ቤት ዞሮ እየጠየቀ መጣ። ማንም አልላከውም፣ ማንም አልከፈለውም። ሻይ እንኳ አልጠጣም፤ "ሰው እየጠበቀኝ ነው" ብሎ ሄደ። ያን ሦስት ሳምንት የልጆቹን ፈተና በሰው መነጽር ነበር ያረምኩት።

ለተማሪዬ የመለስኩለት

ሐሙስ ማታ ደወልኩለት። "ከተማ ወይስ ገጠር ከማለትህ በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ" አልኩት።

"የሚከፈልህ በምንድን ነው?" በሰዓት ነው አለኝ። እንደዚያ ከሆነ ርቀቱ ከኪሱ አይወጣም፤ መኪናውም ነዳጁም የድርጅቱ ነው። በጉዞ ወይም በፓኬት የሚከፈለው፣ በራሱ መኪናም የሚሠራ ሰው ግን ገጠር ሲመርጥ ደጋግሞ ማሰብ አለበት። ኪሎ ሜትሩን የሚበላው የራሱ ጎማ ነው። ይህ በትልልቆቹም ዘንድ ያለ ልዩነት ነው። በአሜሪካ ፖስታ ቤት የከተማው አዳይ በሰዓት ሲከፈለው፣ አብዛኛው የገጠር አዳይ የሚከፈለው መስመሩ ይፈጃል ተብሎ በተገመተው ጊዜ ነው። ከግምቱ ቀድሞ የጨረሰ ያተርፋል፤ በረዶ ያዘገየው ይከስራል።

"ጉልበትህስ?" ዝም አለ። ከዚያ "ገጠር ለጉልበቴ ይሻላል" አለ።

"ማታስ ስንት ሰዓት ትገባለህ?" እዚህ ላይ ነው ነገሩ የወጣው። ለካ ልጁ በሳምንት ሁለት ማታ የኤሌክትሪክ ሥራ ትምህርት ይማራል። አንድ ዓመት ቀርቶታል። የከተማው መስመር ለክፍል ያደርሰዋል። የገጠሩ በክረምት አያደርሰውም። ይህን መጀመሪያ አልነገረኝም፤ መምህር መሆኔን ስለሚያውቅ ምን እንደምለው ገብቶታል።

እኔም ያሰበውን አላልኩትም። ትምህርቱን አትተው ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ጉልበቱን ይዞ የሚተኛው እሱ ነው። "ሁለቱንም ለመያዝ ጠይቀሃል?" ብቻ አልኩት። አልጠየቀም ነበር። እኛ ስደተኞች የተሰጠንን መቀበል እንጂ መጠየቅ አልለመድንም። "ከሽማግሌው ጋር አንድ ቀን አብረህ ሂድ፤ መንገዱን እይ፤ ከዚያ ለአለቃህ የትምህርት ቀኖቹን ከተማ፣ የቀሩትን ገጠር ልሥራ በለው። እምቢ ካለህ የምታጣው ነገር የለም።"

በሳምንቱ መልእክት ላከልኝ። አለቃው ለሁለት ወር እንሞክረው፣ ከዚያ እናያለን ብሎታል። በሳምንት ሁለት ቀን ከተማ፣ ሁለት ቀን ገጠር። ታኅሣሥ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ለአሁኑ ግን ትምህርቱም አልተቋረጠም፣ ጉልበቱም ሁለት ቀን ያርፋል። ከመልእክቱ ጋር ፎቶግራፍ ነበረበት፦ ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ፣ ግራና ቀኝ በቆሎ፣ ከሩቅ አንድ ቤት። ከሥሩ "ጋሼ፣ ውኃ አስቀምጠውልኛል" ብሎ ጽፏል።

ለእኛ የሚቀረው

ሾፌሩ ከተማም ይሂድ ገጠር፣ የድካሙ ግማሽ በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ዕቃ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ከኔ ስህተት ተማሩ።

ስማችሁን መታወቂያችሁ ላይ በተጻፈው ፊደል፣ አንድ ሳይቀር፣ ለላኪው ላኩለት። መታወቂያውን ፎቶግራፍ አንስቶ መላክ ሳይሆን ስሙን ብቻ ገልብጦ መጻፍ ይበቃል፤ መታወቂያ በየስልኩ መዞር የለበትም። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ ለዘመድ ሁሉ በዚያው ቀን ንገሩ። እዚህ አገር ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ከመጣ ወዲህ ገንዘባችን የሚያገኘን በስልካችን ነው፤ ዕቃችንም እንዲሁ። የበር ቁጥር በሌለበት አድራሻችን ስልካችን ነው። የሁለተኛ ሰው ቁጥርም ጨምሩ፤ የጎረቤት ቢሆን ይመረጣል። አድራሻ ስትጽፉ ካኩማውን፣ ዞኑን፣ ብሎኩን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ጨምሩበት፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ትምህርት ቤት።

ዕቃ እየጠበቃችሁ ከሆነ ደግሞ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ። ያ የሚደውለው ሰው ፀሐይ ላይ ሞተሩን አቁሞ፣ ቤንዚኑን እየቆጠረ ነው። ሲደርስም አንድ ብርጭቆ ውኃ አትንፈጉት።

ቸር ይግጠመን።